ጎረቤት የሌለው የአራዊት ግቢ

ልጁ የአራዊት ግቢውን «ደልጊ» ብሎ ሰየመው። ይህን ሲያደርግ መምህሩ ከኋላው ቆሞ ይመለከት ነበር። ስሙ እንደ ተጻፈ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ባዶ አረንጓዴ ሜዳ ተዘረጋ፤ ጭልፊት ከአየር ላይ ሆኖ ቁልቁል እንደሚያየው ያለ፣ ሰማይ የሌለው ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ያቆመው ዛፍ አልነበረም፤ ውኃም አልነበረም፤ አጥር ነበር።

መምህሩ ትውልዱ ደልጊ፣ ሥራው ባሕር ዳር ነው፤ ሥዕል ያስተምራል። ልጁ የታላቅ ወንድሙ ልጅ ሲሆን፣ ትምህርቱን ለመቀጠል ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ደቡባዊው ዳርቻ መጥቶ ከአጎቱ ዘንድ ተቀምጧል። ጨዋታውን ከክፍል ጓደኛው በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ አመጣው፤ መምህሩም ለሥራው በገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ጫነው። ላፕቶፑ አሮጌ በመሆኑ አዳዲሶቹን ጨዋታዎች አይሸከምም፤ ይህን ግን ያለ ችግር ይጫወተዋል። ጨዋታው «ዙ ታይኩን» ይባላል። ብሉ ፋንግ ጌምስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሠርቶት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ ያቀረበው ነው። ድርጅቱ ራሱ በ2011 ተዘግቷል፤ ሥራው ግን እነሆ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተሸጋገረ ከጣና ዳር ደርሷል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው አካሄድ እንዲህ ነው። ለተጫዋቹ ጥቂት ገንዘብና ሰፊ መሬት ይሰጠዋል። አጥር ያጥራል፤ በአጥሩ ውስጥ ያለውን መሬት አሸዋ፣ ሣር ወይም በረዶ ያለብሰዋል፤ ውኃ ያፈስሳል፤ ድንጋይ ይከምራል፤ ዛፍ ይተክላል። ከዚያም እንስሳውን ከዝርዝር መርጦ ይገዛል፤ ጠባቂም ይቀጥርለታል። አንበሳው ካለበት አጠገብ የተተከለው ዛፍ አንበሳውን ደስ ያሰኘው እንደ ሆነ ከራሱ በላይ ፈገግ ያለ አረንጓዴ ፊት ብቅ ይላል፤ ያልተስማማው እንደ ሆነ ፊቱ ቀይና የተቆጣ ይሆናል። ጎብኚዎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ተጫዋቹ ማውሱን በአንዱ ላይ ሲያሳርፍ የልቡን ሐሳብ ያነብባል፤ ርቦታል፣ ደክሞታል፣ ወይም ቀጭኔዋን ወድዷታል። የመግቢያውንና የምግቡን ዋጋ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። አጥሩን የሚጠግን ሠራተኛ ካልቀጠረ አጥሩ እያረጀ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ይወድቃል፤ አውሬውም ይወጣል። ያን ጊዜ ጎብኚው እየጮኸ ይበተናል፤ ደም ግን አይታይም።

ደም አለመታየቱ ነው እንግዲህ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ በየቤቱ ያስወደደው። ጠመንጃ የለበትም፤ ስድብ የለበትም፤ ልጅ ሒሳብ ይማርበታል፤ ገንዘብን መቆጠብና ለሌላ ፍጡር ማሰብን ይለምድበታል። መምህሩም የፈቀደለት ስለዚሁ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የኮምፒዩተር ጨዋታን በጅምላ የሚያወግዙ ባልደረቦች አሉት፤ ንግግራቸውን እንደ ጨረሱ ግን ግማሾቹ በስልካቸው ላይ ከረሜላ ሲደረድሩ ይታያሉ።

መምህሩን ጨዋታው ሥዕል ሆኖ ታየው። በሥዕል ትምህርት የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ፈተና ባዶ ቦታን የት መሙላት፣ የት መተው እንደሚገባ ማወቅ ነው። ልጁ ይህን ማንም ሳይነግረው አውቆታል። የዝሆኑን ሜዳ ሰፊ አድርጎ ዛፎቹን ወደ ዳር ገፋቸው፤ የጎብኚውን መንገድ ቀጥ ከማድረግ ይልቅ አጣመመው፤ ጎብኚው ከታጠፈ በኋላ ጉማሬውን በድንገት እንዲያገኘው በማለት። የጉማሬውን ኩሬ ለመሥራት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ። ውኃውን አስፍቶ ዳር ዳሩን ለምለም አደረገው፤ በመካከሉ ትንሽ ደሴት አቆመ። ደሴቲቱ ምን እንደ ሆነች አጎቱ ሲጠይቀው «ደቅ ናት» አለ።

እንዲህ ያለው ጥበብ ከየት መጣ? የግንባታ ጨዋታ አባት ተብሎ የሚጠቀሰው ዊል ራይት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው «ሲም ሲቲ» ነው፤ ተጫዋቹን የከተማ ከንቲባ አድርጎ ባዶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። የአራዊት ግቢው ጨዋታ ከዚያ ወገን ነው። በእንስሳት በኩል ግን ሌላ የቆየ ዘመድ አለው። በ1907 ካርል ሀገንቤክ የተባለ ጀርመናዊ የአራዊት ነጋዴ በሐምቡርግ ከተማ ዳር አንድ የአራዊት ግቢ ከፈተ። ከዚያ በፊት አንበሳና ነብር ከብረት ፍርግርግ ኋላ ይታዩ ነበር። ሀገንቤክ ፍርግርጉን አነሣና በምትኩ በጎብኚውና በአውሬው መካከል ጥልቅ ጉድባ ቆፈረ። ጉድባው ከጎብኚው ዓይን የተሰወረ በመሆኑ አንበሳው ነፃ ሆኖ በገደሉ ላይ የቆመ ይመስላል፤ ከፊቱ ያለው ሜዳና በሜዳው ላይ የሚግጡት እንስሳት ከእርሱ ጋር አንድ ሥዕል ይሆናሉ። አጥርን ማስወገድ ሳይሆን አጥርን መደበቅ ነበር ጥበቡ። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ሁሉ፣ ዛፍ ከአጥሩ ፊት መትከልን ለተጫዋቹ ሲፈቅዱ፣ የሀገንቤክን ጉድባ ነው የሚቆፍሩት።

መምህሩ ግን ፍርግርጉን ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ሥዕል በሚማርበት ዘመን ስድስት ኪሎ ካለው አንበሳ ግቢ እየሄደ ይሥል ነበር። አንበሳ ግቢ በ1948፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች አንበሶችን ይዞ እንደ ተቋቋመ ይነገራል። ንጉሥ ከአንበሳ ጋር መታየቱ በዚያ አልተጀመረም፤ የደልጊ ጎረቤት የሆነችው የቋራ ልጅ አፄ ቴዎድሮስም ለማዳ አንበሶቻቸውን ከአጠገባቸው አድርገው እንግዳ ይቀበሉ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል፤ ሥለዋልም። የሥዕል ተማሪው ግን በስድስት ኪሎ የሚፈልገው ንግሥናን አልነበረም፤ ትከሻን ነበር። አንበሳ ሲተኛ ትከሻው እንዴት እንደሚወድቅ። የነዚያ አንበሶች ጋማ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ደረትንና ሆድን ጭምር ያለብሳል፤ በከሰል ለመሣል የተፈጠረ ጋማ ነው። ተማሪው ከሣላቸው ወረቀቶች ውስጥ ፍርግርጉ የገባበት አንድ ብቻ ነበር፤ ያንንም መምህሩ የነበረው ሰው አይቶ «ይኸኛው እውነት ነው» ብሎት ነበር። በሌሎቹ ሁሉ ብረቱን ዘልሎት ነበር፤ ሥዕል አያምርም ብሎ።

የአንበሳ ግቢ ታሪክ ጨዋታው ሊያስበው የማይችል ምዕራፍ አለው። በ2006፣ ገንዘብም ቦታም አጥሮ፣ የአንበሳ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ ገላቸውን አድርቀው ለጌጥ ለሚያቆሙ ሰዎች ይሸጡ እንደ ነበር በዓለም የዜና አውታሮች ተዘገበ። በ«ዙ ታይኩን» ውስጥ የተረፈ ደቦል የሚወገደው አንድ ቁልፍ በመጫን ነው፤ ደቦሉ ይጠፋል፤ ገንዘቡ ይጨምራል፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ የለም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ተመራማሪዎች በአንበሳ ግቢ ከነበሩት አንበሶች የ15ቱን የዘር ቅንጣት መርምረው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ዘር ያላቸው መሆናቸውን አሳወቁ። ሊቃውንቱም እነዚህ አንበሶች በጥንቃቄ እንዲራቡ መከሩ። በ2006 ቦታ ያጡት ደቦሎች የእነዚሁ ወገን ነበሩ።

አዲሶቹ ጨዋታዎች ከዚህ አንዳንድ ነገር የተማሩ ይመስላሉ። ፍሮንቲየር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በኅዳር 2019 ያወጣው «ፕላኔት ዙ» እያንዳንዱን እንስሳ የራሱ ዘር እንዲኖረው አድርጓል፤ ወንድምና እኅት ከተራቡ ግልገሉ ደካማ ይሆናል። እንስሳው ከተጎሳቆለ መፈክር የያዙ ተቃዋሚዎች ወደ ግቢው ይገባሉ። ያደገውን እንስሳ ወደ ዱር የሚለቅ ተጫዋችም ሌሎች እንስሳትን የሚያስገኝ ነጥብ ያገኛል። የኢትዮጵያም አንድነት ፓርክ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ቅጽር ጥቁር ጋማ ያላቸውን አንበሶች ይዞ፣ ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ጨዋታ ከመውጣቱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በጥቅምት 2019 ነበር። መምህሩ «ፕላኔት ዙ»ን አንድ ወዳጁ ቤት አይቶት ተደንቋል፤ የጉማሬው ቆዳ ከውኃ ሲወጣ ያበራል። ይሁን እንጂ ከዚያም ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ተሰማው፤ ምን እንደ ሆነ ግን ወንድሙ እስኪመጣ ድረስ ስም አላገኘለትም።

ወንድሙ የመጣው በታኅሣሥ ነው። ከደልጊ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን አይገባምና አንድ ላዳን ሽምብራ ይዞ ነበር፤ ቢሆንም ሽምብራው ዘንድሮ ጥቂት መሆኑን ገና ከመቀመጡ ተናገረ። ከባሕሩ ዳር ያለው ማሳ ባለፈው ዓመት በአንድ ሌሊት ግማሽ ጥማድ ያህሉ ተረግጦና ተግጦ አድሮ ነበር። ያደረገው ጉማሬ ነው።

ይህን ለመረዳት የጣናን ዳርቻ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐይቁ ክረምቱ እንዳለፈ ይሞላል፤ ከዚያም እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ በቀስ ይሸሻል። የሸሸበትን እርጥብ ጥቁር መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ዝናብ ሳይጠብቅ ያርሰዋል፤ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በ1996 በጨረጨራ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በመካከሉ፣ በ2003፣ ውኃው እጅግ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። ባሕር ዳርን ከደቅ፣ ከቁንዝላ፣ ከደልጊና ከጎርጎራ ሲያገናኝ የኖረው ጉዞ ሲቋረጥ የደልጊ ሰው ባሕሩ የሄደ መሰለው። ውኃው በሸሸበት ሁሉ ገበሬው ተከትሎ ወረደ፤ ደንገሉን እየቆረጠና እያቃጠለ አረሰው። ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ተክል ብቻ አይደለም፤ ጉማሬ ቀን የሚሸሸግበት፣ ሌሊት ወደ ሣሩ የሚወጣበት ደጅ ነው። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል። ሣሩ በነበረበት ቦታ ሽምብራ ካገኘ ሽምብራውን ይበላል። በእርሱ በኩል የተለወጠ ነገር የለም፤ በዚያው ዱካ ነው የወጣው።

በቀደመው ዘመን የጉማሬ አዳኞች ወይጦዎች ነበሩ። በታንኳ ቀርበው በጦር ይወጉት ነበር፤ ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤት ሲያገልላቸው ኖሯል፤ ከቆዳው የሚሠራው አለንጋ ግን ከማንም ቤት አልተገለለም፤ እንዲያውም አለንጋው ራሱ «ጉማሬ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ያ አደን ቀርቷል። የጣና አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ባሕር ዳር ላይ ቱሪስቱ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በጀልባ እየሄደ ጉማሬ ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል። በደልጊ ዳርቻ ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልነበረም፤ ማማ ላይ ተቀምጦ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚያነጋ ነው የነበረው።

ወንድምዬው የመጣበት ጉዳይ ገንዘብ ነበር። በማሳውና በውኃው መካከል የቀረችውን የመጨረሻዋን የደንገልና የሣር ጥብጣብ አስመንጥሮ ሊያርሳት ፈልጓል፤ ለቀን ሠራተኞች የሚከፍለው የለውም። ጥብጣቧ ከጠፋች ጉማሬው መሸሸጊያ ያጣል፤ ማሳውም ይሰፋል፤ ሐሳቡ ይህ ነው። መምህሩም ከደመወዙ ቆጥቦ ያስቀመጣትን ሊያበድረው ቃል ገባ። ወንድም ለወንድም ይህን አይነፍግም።

ማታ ልጁ የሠራውን ለአባቱ ሊያሳይ ላፕቶፑን ከፈተ። አባቱም ጋቢውን ሰብስቦ ቀረብ ብሎ ተመለከተ። ኩሬውን ሲያይ ሣቀ።

«ይኸስ ጉማሬ ነው!»

«አዎ፤ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ትናንት ተወለደ።»

«ሌሊት የት ይወጣል?»

«አይወጣም፤ አጥር አለው።»

«ምን ይበላል ታዲያ?»

«ጠባቂው ይሰጠዋል።»

«ለጠባቂው ማን ይከፍለዋል?»

«ጎብኚው ሲገባ ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ ነው።»

አባቱ ይህን መልስ ወደደው፤ ደህና ሥርዓት ነው አለ። ከዚያም ጣቱን ከአጥሩ ውጭ ወዳለው የስክሪኑ ዳር አደረገ።

«ከዚህ ወዲያ ያለው ማሳ የማን ነው?»

«እዚያ ምንም የለም፤ አባዬ።»

«እንዴት ምንም የለም?»

«መሬቱ እዚህ ላይ ያልቃል።»

ገበሬው ጥቂት ዝም ብሎ ጥቁሩን ዳር አየው፤ «ታዲያ ይኸ ምኑ ደልጊ ነው!» አለና ወደ መኝታው ሄደ። ቁጣ አልነበረበትም። ልጁ ግን ላፕቶፑን ቶሎ አልዘጋም።

መምህሩም በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደውም። የጎደለው ነገር ስሙን አግኝቶ ነበር። በደቅ ደሴት ባለው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። የ18ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊ ወርቁን የሰጠውን ሰው ከሥዕሉ ውጭ አልተወውም። መምህሩ ይህን ሥዕል ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ አስተምሯል፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ልብሱ እጥፋት፤ ከፋዩ በሥዕሉ ውስጥ መኖሩ ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለንግግር የሚበቃ ነገር ሆኖ አልታየውም ነበር። የአራዊት ግቢው ጨዋታ ጎብኚውን ያውቃል፤ ጠባቂውን ያውቃል፤ አሁን አሁን ተቃዋሚውንም ያውቃል። ከአጥሩ ወዲያ ሽምብራ የዘራውን ሰው ግን አያውቀውም። ያ ሰው ከፋይ ነው፤ ሥዕሉ ግን ከእርሱ በመለስ ያልቃል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2016 በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ተረጋግጦ ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ በአላጥሽና በሱዳኑ ድንድር ፓርክ በአንድ ላይ ከ100 እስከ 200 ሊኖሩ እንደሚችሉም ተገመተ። አላጥሽ ከደልጊ በስተ ምዕራብ፣ በቋራ ነው ያለው። ዜናው «አዲስ የተገኙ አንበሶች» እያለ ሲያወራ፣ ከቋራ እስከ ደልጊ ገበያ የሚመላለሰው ከብት ነጂ ከዚያ በፊትም ከብቱን በሌሊት ሲያሳድር እሳቱን የሚያነድደው ለምን እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ልጁ በበኩሉ ሌላ ነገር ሞከረ። በቀጣዩ ሳምንት የጉማሬውን አጥር በአንድ በኩል ከፈተው፤ ከአጥሩ ውጭም የማሳ ምትክ እንዲሆን ሣርና ቁጥቋጦ በመስመር በመስመር ተከለ። ጉማሬው ሲወጣ ጎብኚዎቹ ተበተኑ፤ ገቢው ወረደ፤ ጠባቂው እየሮጠ መጣ። ልጁ ደጋግሞ ሞከረ። ማሳው ሲረገጥ የሚያዝን፣ ፊቱ ቀይ ሆኖ ብቅ የሚል ሰው ግን በዝርዝሩ ውስጥ አጣ። ለአጎቱም፣ «እንስሳው ደስ ብሎታል ይላል፤ ማሳው ግን ደስ አይለውም አይከፋውም፤ ጨዋታው አያውቀውም» አለው።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ሁለቱ ወደ ደልጊ ወረዱ። መምህሩ ገንዘቡን በውስጥ ኪሱ ይዞ ነበር። በማግስቱ ጧት ሦስቱም ወደ ባሕሩ ሄዱ። ሽምብራው አብቧል። ከማሳው በታች ያለችው ጥብጣብ በመምህሩ እርምጃ 30 ያህል ትሆናለች፤ ከዚያ ወዲያ ደንገል፣ ከዚያ ወዲያ ውኃ። ልጁ የጉማሬውን መንገድ አገኘው፤ በደንገሉ መካከል የተቦረቦረ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊሄድበት የሚችል ዋሻ መሳይ ዱካ ነው። ጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው ኮቴ ታትሟል። ልጁ እጁን ዘርግቶ በኮቴው ውስጥ አኖረው፤ ተርፎታል።

«አባዬ፣ ይኸ ሣር ከተቆረጠ መንገዱ አይጠፋም እኮ፤ በዚሁ መጥቶ ሽምብራው ላይ ነው የሚደርሰው።»

«አውቃለሁ» አለ አባቱ። «አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃለሁ። ሣሩን ብተወውስ፣ ለሣሩ ማን ይከፍለኛል?»

መምህሩ ሌሊቱን ያሰበውን ያን ጊዜ ተናገረ። ለምንጠራው ሊያበድረው የያዘውን ገንዘብ ብድር ሳይሆን ክፍያ አድርጎ ሊሰጠው ይፈልጋል፤ ጥብጣቧ ለአንድ ዓመት ሳትነካ ትቆይ ዘንድ፣ በማሳውና በሣሩ መካከልም ጉድባ እንዲቆፈር። ጉማሬ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ መዝለል አይሆንለትም፤ ጥልቅ ጉድባ ይመልሰዋል። የሀገንቤክን ስም አላነሣም፤ ስለ ናርጋ ሥላሴም ምንም አላለም። እንዲህ ያለውን ነገር ማሳ ዳር ቆሞ ማውራት ያሳፍራል።

ወንድሙ ወዲያው እሺ አላለም። ጉድባ ለመቆፈር ስንት ሰው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በጣቱ ቆጠረ፤ ከምንጠራው እንደሚያንስ አገኘው። ጉድባው በክረምት ይሞላል አለ፤ ዳሩ ይናዳል አለ፤ ጎረቤቱ ያለውን የሣር ጥብጣብ ቢያርስ የእርሱ ብቻ መቅረቱ ምን ይጠቅማል አለ። ለዚህኛው ጥያቄ መምህሩ መልስ አልነበረውም። በመጨረሻ ገንዘቡን ተቀብሎ ሳይቆጥር ከኪሱ አኖረና፣ «አንድ ዓመት» አለ፤ «ለአንተ ስል እንጂ ለእርሱ አይደለም።» ወደ ውኃው በአገጩ አመለከተ።

ጉድባው ገና አልተቆፈረምና በዚያች ሌሊት ማሳው መጠበቅ ነበረበት። ልጁ ከአባቱ ጋር ማማ ላይ ለመውጣት ለመነ፤ ተፈቀደለት። መምህሩም ከማማው እግር ሥር እሳት አጠገብ ተቀመጠ። ጨረቃ አልነበረችም። ውኃው የት እንደሚጀምር በዓይን አይለይም፤ በሽታው ብቻ ይታወቃል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከደንገሉ በኩል የከባድ ትንፋሽ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የሌላ።

«ስንት ናቸው?» አለ ልጁ በሹክሹክታ።

አባቱ ቆርቆሮውንና ዱላውን አቀበለው። «ገና ሣሩ ላይ ናቸው» አለው። «እስኪሻገሩ አትምታ።»

ልጁ ዱላውን አንሥቶ ጨለማውን እያዳመጠ ቆየ።